ጭልፊት የምታስመስል እንጨት
እንጨት፣ ነጭ ቀለም። የባስክ ምድር፤ ኤቻላር፣ ናቫራ፣ ሰሜን ስፔን

ይህች እጀታ ያላት ጠፍጣፋ እንጨት የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻ ትመስላለች። ሥራዋ ግን የዱር እርግብ ማደን ነው።

በየዓመቱ፣ በተለይም በጥቅምት፣ ከሰሜን አውሮፓ ወደ ስፔንና ፖርቱጋል የሚሰደዱ የዱር እርግቦች የፒሬኒስን ተራሮች የሚሻገሩት ዝቅ ባሉት በሮች በኩል ነው። አዳኙ በዛፍ አናት ወይም በረጅም ማማ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። መንጋው ሲቃረብ እንጨቷን በኃይል ወደ አየር ይወረውራል። እርግቦቹ እየተሽከረከረ የሚመጣውን ነጭ ነገር ሲያዩ ጭልፊት የመጣባቸው ይመስላቸዋል፤ ከሰማይ ቁልቁል ተወርውረው መሬት ለመሬት መብረር ይጀምራሉ። እዚያ፣ በበሩ አፍ ላይ፣ በዛፎች መካከል የተሰቀለ ትልቅ መረብ አለ። መረብ ጠባቂው ገመዱን ሲለቅ መረቡ ይወድቅባቸዋል።

ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። እንጨቷ ቀድማ ከተወረወረች መንጋው አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከዘገየች ደግሞ ከመረቡ በላይ ያልፋል። የዚህ አደን ጥበብ ያለው ከመረቡ ይልቅ በወርዋሪው ዓይንና ክንድ ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ጠርዟን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከውርወራ በኋላ ቅርንጫፍና ድንጋይ ላይ ስለምትወድቅ ቀለሟ ተልጧል። እጀታዋ ግን ከእጅ ብዛት ለስልሷል።

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአውሮፓ የአእዋፍ ጥበቃ ሕግ ወፎችን በመረብ በጅምላ መያዝን ይከለክላል። የኤቻላር አደን ግን በባህላዊነቱ ተፈቅዶለት ዛሬም ይካሄዳል።