የሙዚቃ ድምፅ ቀረጻ፦ ከማይክሮፎን እስከ ማኅደር

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ መቀረጽ ከጀመረ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት በጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ዜማዎች ለዚህ ታሪክ መነሻ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1969 ደግሞ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን አቋቁመው በራሳቸው አነሳሽነት የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም ጀምረዋል። እነዚህ ሥራዎች ዛሬ ሊደመጡ የቻሉት በወቅቱ በመቀረጻቸው ነው።

የበገናን ዜማ በኖታ ማስፈር ይቻላል። በአሥሩ አውታሮችና በመደገፊያቸው መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች የሚፈጥሩትን ነዛሪ ድምፅ ግን ኖታ አይዝም። በመሆኑም የቀረጻ ሙያ የባህል ቅርስን የመጠበቅ ሥራ አካል ነው። በባህል፣ በትምህርትና በኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ ሠራተኞችም የሙያውን መሠረታዊ ነጥቦች ማወቃቸው ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ነጥብ ሥፍራው ነው። ባዶ ግድግዳ ያለው አዳራሽ ድምፅን ስለሚያስተጋባ፣ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያለበት ክፍል ይመረጣል። ሁለተኛው የማይክሮፎን ምርጫ ነው። ዳይናሚክ ማይክሮፎን ከፍተኛ ድምፅን ይቋቋማል። ኮንደንሰር የሚባለው ደግሞ እንደ ክራርና ዋሽንት ያሉ መሣሪያዎችን ረቂቅ ድምፅ አጥርቶ ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም 48 ቮልት ኃይል ይፈልጋል።

ሦስተኛው የድምፅ መጠን ነው። በዲጂታል መሣሪያ ከዜሮ ዴሲቤል ያለፈ ድምፅ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውንም በኋላ ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አስቀድሞ በሙከራ ይስተካከላል። ከዚህ በኋላ የሚከተሉት ሚክሲንግና ማስተሪንግ የተቀረጸውን ያሳምራሉ እንጂ ያልተቀረጸውን አይፈጥሩም።

ለማኅደር የሚቀመጠው ዋናው ቅጂ ያልታመቀ የዌቭ ፋይል መሆን ይኖርበታል። ፋይልን ወደ ኤምፒ3 መለወጥ ቦታ ይቆጥባል፤ የሚቀነሰው የድምፅ መረጃ ግን ተመልሶ አይገኝም። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በስቴሪዮ የተያዘ የአንድ ሰዓት ቀረጻ 1 ጊጋባይት ያህል ቦታ ስለሚይዝ፣ የማከማቻ ዕቅድ ከቀረጻው በፊት መዘጋጀት አለበት። ቅጂዎቹም በተለያየ ሥፍራ ቢቀመጡ ከአንድ አደጋ ይተርፋሉ።

የተጫዋቾቹ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑና የዜማው ዓይነት ከፋይሉ ጋር ካልተመዘገቡ ቀረጻው ከዓመታት በኋላ ባለቤት የሌለው ድምፅ ይሆናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ከደራሲው መብት በተጨማሪ ለከዋኙና ለድምፅ ቀረጻው አዘጋጅ መብት ሰጥተዋል። የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድሞ መቀበልም ባለሙያውንና መሥሪያ ቤቱን ከውዝግብ ይጠብቃል።

ሙያው በትምህርት ቤት ይገኛል፤ የሚዳብረው ግን በተግባር ነው። አንድን መሰንቆ ማይክሮፎኑን እያራቁና እያቀረቡ ደጋግሞ መቅረጽ፣ ልዩነቱንም በጥሞና ማዳመጥ ለጀማሪ ጥሩ ልምምድ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ባለ ዜማዎች ግን ይህን ልምምድ ለረጅም ጊዜ ላይጠብቁ ይችላሉ።