የበሽተኛ ቃልና የአስታማሚ አደራ



ዕድር ሲባል ለሁላችን የሚታየን ድንኳኑ፣ ንፍሮውና ቀብሩ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ያለውን ሥራ እናውቅበታለን። ከዚያ በፊት፣ ይኸውም በሽተኛው አልጋ ላይ ሳለ፣ ፈቃዱ እንዴት ሲጠበቅ እንደኖረ ግን ብዙም አንነጋገርም። ስለዚህ ጥቂት ለማስታወስ ወደድን።

አባቶቻችን ለዚህ ኑዛዜ ነበራቸው። ሕመም የጠናበት ሰው የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን አስጠርቶ ስለ ርስቱ፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ ልጆቹና ስለሚቀበርበት ቦታ ይናገራል። የሰሙትም አደራ ይቀበላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ፈቅዷል፤ ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ግን ኑዛዜው ይፈርሳል። በቃል የሚነገረውም ስለ ቀብር፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታና ስለ ልጆች ሞግዚት ነው። ሕክምና በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ሆኖም የዚሁ ሕግ 20ኛ አንቀጽ ማንም ሰው የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይናገራል።

ወደ ከተማችን እንመለስ። አዳማ ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1938 ዓ.ም. የሜኖናይት ሚሲዮኖች የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ የአገራችንን ወጣቶችም ድሬሰርነት አስተማሩበት። ያ ቤት ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ሆስፒታል ሲመጣ በነፍስ አባትና በዘመድ መካከል ሦስተኛ ሰው ገባ፤ ነርስ። የነርስ ሥራም የራሱ አደራ አለው። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 እ.ኤ.አ. የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ፤ በ1973ቱ ደግሞ ጤናን ከመጠበቅና ከመመለስ ጋር ሥቃይን ማቅለል የነርስ ግዴታ መሆኑን ጻፈ። በአገራችንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት የታካሚው ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ መርዶን እንኳ በሌሊት በሽማግሌ የምናረዳ ሕዝብ ነን። ከሞጆም ከመቂም ከዝዋይም በሽተኛ ይዘን ስንመጣ በሩ ላይ ነርሷን ይዘን፣ «ሲስተር፣ አደራ እንዳትነግሪው፣ ይደነግጣል» እንላለን። በፍቅር ነው። ግን ነርሷ ያለባት አደራ ለበሽተኛው ነው፤ ያልተነገረው ሰውስ ምን ብሎ ይፈቅዳል? ምን ብሎስ እንቢ ይላል? አፉ ሲያዝ ደግሞ ወንድም ከእህት «ወደ ቤት ይመለስ»፣ «የለም፣ ይታከም» እየተባባለ ይጣላል። ሌላውም አገር ይኸው ጭንቅ ነበረበት፤ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ሰው በጤናው ሳለ የመጨረሻ ሕክምናውን በጽሑፍ እንዲወስን በ1976 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ኑዛዜ ከንብረት አልፎ ወደ ሕክምናም ይድረስ። በደህናችን ቀን ለምናምነው ሰው፣ «ብታመም ንገሩኝ፤ መናገር ቢያቅተኝ እንዲህ አድርጉልኝ» እንበል፤ ቢቻል በጽሑፍ እናኑር። ሟርት አይደለም። ለሚያስታምመን ሰው ጭንቀቱን ማቅለል ነው።