መድኃኒቱን የጨረሰውም ይዞት ይሄዳል

ጀርሞች መድኃኒት ስለመላመዳቸው ሲወራ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚደረገው በሽተኛው ነው፤ «ሳይጨርስ አቋረጠው» ይባላል። እውነትነት አለው፤ በእኔ እምነት ግን የነገሩ ግማሽ እንኳ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ የሚያስቸግሩ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች የመቋቋሚያ ጂናቸውን ያገኙት ከሌላ ባክቴሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ሺጌላ የተባለው የተቅማጥ ጀርም አራት መድኃኒቶችን በአንዴ ሲቋቋም ተገኘ። በ1959 የአገሪቱ ተመራማሪዎች ይህ ችሎታ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አሳዩ። መንገዱ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ብዙ ባክቴሪያዎች ከዋናው ዲኤንኤ ሌላ ፕላዝሚድ የሚባል አነስተኛ ክብ ዲኤንኤ አላቸው። ሁለቱ ሲነካኩ አንዱ የፕላዝሚዱን ግልባጭ ለሌላው ያቀብላል፣ የራሱም አይጎድልበትም። ዝርያቸው አንድ መሆን አይጠበቅበትም። የከፋው ደግሞ አንዱ ፕላዝሚድ የበርካታ መድኃኒቶችን መቋቋሚያ ጂኖች በአንድነት መሸከሙ ነው፤ አንዱን መድኃኒት ስናዘወትር ሌሎቹንም ጂኖች አብረን እናቆያለን።

በሆስፒታሎቻችን በብዛት የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን ነው። እሱን ለመቋቋም የሚያስችለው ሲቲኤክስ-ኤም-15 የተባለ ጂን በአገራችን ከታካሚዎች በተወሰዱ ባክቴሪያዎች ላይ ተገኝቷል። ሴፍትሪያክሶን ሲከሽፍ ሜሮፔነም ይታዘዛል። ሜሮፔነምን የሚያከሽፈው ኤንዲኤም-1 ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ከህንድ ወደ ስዊድን በተመለሰ ታካሚ ላይ ተለይቶ ታወቀ፤ በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ ጅማ ላይ አሲኔቶባክተር በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ መገኘቱን ዘገበ።

ሰንበቴን እናስብ። ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ በእሁድ ገበያዋ ኦሮሞውን፣ አማራውንና አፋሩን የምታገናኝ ከተማ ናት። ሕመሙ የጠናበት ሰው ከዚያ ወደ ከሚሴ፣ ሲብስም ወደ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ሊላክ ይችላል። ተኝቶ ታክሞ፣ መድኃኒቱንም በሥርዓት ጨርሶ ድኖ ሲመለስ አንጀቱ ውስጥ ፕላዝሚዱን የያዘ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ለወራት አያመውም፤ ለቤተሰቡ ግን ሊያስተላልፈው ይችላል።

ስለዚህ «መድኃኒትህን ጨርስ» የሚለውን ምክር ያህል የዋርዱ ውሃና ሳሙና ያሳስበኛል። በሽተኛ ነክቶ እጁን ሳይታጠብ ወደ ቀጣዩ አልጋ የሚያልፍ ባለሙያ ጀርሙን ያሻግራል፤ ከአልጋ አልጋ እየዞረ የሚያግዝ ደግ አስታማሚም እንዲሁ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በላቦራቶሪ ላይ የተመሠረተ አገር አቀፍ ክትትል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ክትትሉም ሆነ ሕክምናው ካልቸር ይፈልጋል፤ ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ሐኪሙ እስከዚያ በግምት ጀምሮ ውጤቱ ሲመጣ ትክክለኛውን ይመርጣል። ወገናችሁ ሆስፒታል ከተኛ መርፌው ከመጀመሩ በፊት ናሙና መወሰዱን ጠይቁ።