መሣሪያና መጽሐፍ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት

ሕፃናትን ወደ ንባብ ለመሳብ መሣሪያን መጠቀም በኮምፒዩተር ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። መደርደሪያው ለሕፃን ቁመት እንዲመች ሆኖ መሠራቱ፣ የሥዕል መጽሐፍ በቀለም መታተሙ፣ የውሰት ካርዱ በመጽሐፉ ኪስ ውስጥ መግባቱ፣ ሁሉም በየጊዜያቸው አዲስ ዘዴዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ የፈለግነው ኤሌክትሪክ የሚፈልጉትን መሣሪያዎች ነው፤ ይኸውም ፊልሙን፣ ሸክላውንና ካሴቱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ በመጨረሻም ኮምፒዩተሩን። እነዚህ በየተራቸው ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ገብተዋል። መሣሪያው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሕፃኑ እጁን ወደ መጽሐፉ ይዘረጋልን፣ ወይስ መሣሪያው ብቻውን ይበቃዋል? ጥያቄው ከገንዘብም ጋር የተያያዘ ነው፤ ለመሣሪያው የወጣው ገንዘብ ለመጽሐፍ መግዣ ሊውል ይችል የነበረ ነውና። የዚህ ጉዳይ ታሪክ በስፋት የሚገኘው በአሜሪካ ስለ ሆነ አብዛኛው ትረካችን በዚያው ላይ ያተኩራል፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች የተነገረው ተስፋ ሁልጊዜ ከሥራው የበለጠ ነበር። ቶማስ ኤዲሰን በ1913 ለአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ በሰጠው ቃል፣ መጻሕፍት በትምህርት ቤቶች ዘንድ በቅርቡ አገልግሎታቸው እንደሚያበቃ፣ ማናቸውም ዕውቀት በተንቀሳቃሽ ፊልም ሊሰጥ እንደሚቻልና በዐሥር ዓመት ውስጥም የትምህርት ቤቱ ሥርዐት ፈጽሞ እንደሚለወጥ ተንብዮ ነበር። ዐሥሩ ዓመት አለፈ፤ መጽሐፉም በቦታው ቀረ። የትምህርት ታሪክ ተመራማሪው ላሪ ኩባን በ1986 «መምህራንና መሣሪያዎች» በሚል ርእስ ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ፊልሙም ሆነ ራዲዮው ቴሌቪዥኑም ጭምር በታላቅ ተስፋ ወደ ክፍል ገብተው በጥቂቱ ብቻ ነው የተሠራባቸው። ይህ የሆነው መምህራኑ አዲስ ነገር ስለሚጠሉ አልነበረም፤ መሣሪያውን የሚያመጡት ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስቀድመው ሳይጠይቁ በመቅረታቸው ነው።

ከዚህ ልማድ ለየት ያለ መንገድ የተከተለ ሰው ግን ነበር። ሚስተር ሞርተን ሺንዴል በ1953 በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት፣ ዌስተን በምትባል ቦታ፣ በዛፎች መካከል በሚገኘው መኖሪያቸው ዌስተን ዉድስ የተባለውን የፊልም ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማቸው የሕፃናትን የሥዕል መጻሕፍት ወደ ፊልም መለወጥ ነበር። ሌሎች የፊልም ሰዎች አንድ የሕፃናት ተረት ባገኙ ቊጥር ሥዕሉን በራሳቸው ሥዕል፣ ቃሉንም በራሳቸው ቃል መተካት የተለመደ ሥራቸው ነበር። ሺንዴል ግን ከመጽሐፉ ሥዕልና ቃል ላለመራቅ ወሰኑ። ካሜራቸው በታተመው ሥዕል ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ወደ አንዱ ፊት ይጠጋል፣ አንዳንድ ጊዜም ራቅ ብሎ ገጹን በሙሉ ያሳያል፤ ከበስተኋላም ተራኪው የመጽሐፉን ቃል ያነባል። ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የተመልካቹ ዐይን ነው። እናት ወይም መምህርት መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ እያመለከተች ስታነብ የሚሆነው ይኸው ስለ ሆነ፣ ዘዴው ከአሮጌው ልማድ የተወሰደ ነው ለማለት ይቻላል።

የዚህ ውሳኔ ጥቅም የታየው በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። ፊልሙን ያየው ሕፃን ከመደርደሪያው ላይ መጽሐፉን ሲያገኝ ያየውን እንስሳ፣ ያየውን ቤት፣ የሰማውንም ቃል እንደ ነበረ ያገኘዋል። ገና ፊደል ያልለየ ሕፃን እንኳ ታሪኩን በቃሉ ስለሚያውቀው ገጾቹን እየገለጠ «ለማንበብ» ይደፍራል። ሥዕሉ በሌላ ሰው እጅ ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ግን መጽሐፉ ለሕፃኑ እንግዳ፣ ምናልባትም ከፊልሙ ያነሰ ነገር ሆኖ ይታየው ነበር። ከ1956 ጀምሮ ፊልሞቹ «ካፒቴን ካንጋሩ» በተባለው የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ በመታየታቸው ስማቸው በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ድርጅቱ በፕራግ ከተማ ይኖሩ በነበሩት አሜሪካዊ የካርቱን ፊልም ባለሙያ በጂን ዳይች እጅ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችን ማሠራት ጀመረ። ምሥራቅና ምዕራብ በጎሪጥ በሚተያዩበት በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕፃናት መጻሕፍት በሶሻሊስት አገር ስቱዲዮ ፊልም ይሆኑ እንደ ነበር ልብ ማለት ደስ ይላል።

ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት ግን ከፊልሙ ይልቅ የተሻለ አገልግሎት የሰጠው ፊልም ስትሪፕ የሚባለው ነበር። ይህ በአንድ ትንሽ ጥቅል ላይ ሥዕሎቹ በተራ የተደረደሩበት፣ በርካሽ ማሳያ ግድግዳ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ከእርሱ ጋር ሸክላ፣ ኋላም ካሴት ይመጣ ነበር። ተራኪው አንዱን ገጽ አንብቦ ሲጨርስ አጭር የደወል ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ መሣሪያውን የያዘው ሰው ወደሚቀጥለው ሥዕል ያዞራል። ብዙ ጊዜ ያንን ሥራ የሚሠራው ከሕፃናቱ አንዱ ነበር፤ ለተራውም እንደሚሻሙበት መገመት አያስቸግርም። ካሴቱ ብቻውን ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ከረጢት ገብቶ በውሰት መሰጠት ሲጀምር ደግሞ፣ በቤቱ የሚያነብለት ያጣ ሕፃን እየሰማ በጣቱ መስመሩን ሊከተል ቻለ። በእኔ አስተያየት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ውስጥ በዋጋው አነስተኛ፣ በጥቅሙ ግን ከፍተኛ የነበረው መሣሪያ ይኸው የካሴቱ ከረጢት ነው፤ ያለ መጽሐፉ ሙሉ ሥራ አይሰጥምና።

በዚህ መካከል መንግሥት ገንዘብ ይዞ ገባ። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ከላከች በኋላ አሜሪካ በ1958 ባወጣችው የትምህርት ሕግ መሠረት ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለውጭ አገር ቋንቋዎች ማስተማሪያ የሚሆኑ መሣሪያዎች በብዛት ተገዙ። የ1965ቱ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ለቤተ መጻሕፍትና ለማስተማሪያ ጽሑፎች መደበ። ያን ጊዜ አብዛኞቹ የሕዝብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ቤተ መጻሕፍት አልነበራቸውም። በ1969 የቤተ መጻሕፍት ማኅበርና የመምህራን ማኅበር በጋራ ባወጡት መመዘኛ መጽሐፉ፣ ፊልሙና ሸክላው በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲቀመጡ ተባለ፤ ቤተ መጻሕፍቱም «የመገናኛ ዘዴዎች ማዕከል» የሚል አዲስ ስም አገኘ። ስሙ ለብዙ ባለሙያዎች አልተዋጠላቸውም፤ ሆኖም ገንዘቡ በስሙ ይመጣ ስለ ነበር ተቀበሉት።

ቴሌቪዥን የንባብ ጠላት ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር ከሰደደ በኋላ፣ በሐምሌ ወር 1983 «ሪዲንግ ሬይንቦው» የተባለ ዝግጅት በሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ላይ ጀመረ። አዘጋጆቹ የተነሡበት ችግር የታወቀ ነበር፤ ሕፃናት በረጅሙ የክረምት ዕረፍት ያወቁትን ንባብ ይረሳሉ፣ ዕረፍቱንም የሚያሳልፉት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ነው። እንግዲያውስ መጽሐፉን ባሉበት ቦታ እንውሰድላቸው አሉ። አቅራቢው ሌቫር በርተን ከስድስት ዓመት በፊት «ሩትስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ዝናን ያተረፈ ተዋናይ ነበር። በእያንዳንዱ ዝግጅት አንድ መጽሐፍ በሙሉ ይነበባል፤ በመጨረሻም ሕፃናት ራሳቸው ብቅ ብለው ስላነበቧቸው ሌሎች መጻሕፍት ለእኩዮቻቸው ይናገራሉ። የዝግጅቱ ጥበብ ያለው በዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሕፃን ከአዋቂ ምክር ይልቅ የእኩያውን ቃል ይሰማል። መጻሕፍቱ በቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ ሽያጫቸውም ሆነ በቤተ መጻሕፍት የሚፈለጉበት መጠን ከፍ ይል እንደ ነበር አሳታሚዎችና ባለሙያዎች መስክረዋል። 155 ዝግጅቶች ከቀረቡ በኋላ በ2006 አዲስ መሥራት ቆመ፤ በ2009ም ከአየር ወረደ።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ፤ ክርክሩም የበረታው በእርሱ ላይ ነው። በ1984 በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የምትኖር ጁዲ ፖል የተባለች እናት ልጆቿ እንዲያነቡ ለማበረታታት የመጻሕፍት ዝርዝር አውጥታ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ነጥብ ሰጠች። ይህ የቤት ውስጥ ዘዴ ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያ ሆነ፤ «አክሰለሬትድ ሪደር» በሚል ስምም በብዙ ሺህ ትምህርት ቤቶች ገባ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሕፃኑ መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ ኮምፒዩተሩ ፊት ይቀመጣል፤ ማሽኑ ስለ ታሪኩ ጥቂት ጥያቄዎችን ይጠይቀዋል፤ ካለፈ ነጥብ ይመዘገብለታል። መምህሩ የአንድን ክፍል ንባብ በአንድ ገጽ ላይ ተዘርዝሮ ያገኘዋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ነጥቡ ወደ ሽልማት ይመነዘር ነበር።

ነጥቡ የሚሰላው እንዲህ ነው፤ የመጽሐፉ የክብደት ደረጃ በ10 ላይ ይደመርና በቃላቱ ብዛት ተባዝቶ ለ100,000 ይካፈላል። ስለዚህ ደረጃው 4.4፣ ቃላቱም 32,000 ያህል የሆነው የኢ. ቢ. ዋይት «ሻርለትስ ዌብ» 5 ነጥብ ሲያስገኝ፣ አምስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ 44 ነጥብ ያስገኛል። ስሌቱ ርዝመትንና የቃላትን ክብደት እንጂ የታሪኩን ጥልቀት አይለካም፤ ሊለካም አይችልም። ነገሩን በዚህ ብቻ መንቀፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ማሽኑ ያልታዘዘውን አልሠራም በሚል አይወቀስም። የከፋው ነጥቡ ወደ መደርደሪያው የወረደበት መንገድ ነው። በየመጽሐፉ ጀርባ ላይ የደረጃው ቀለም ተለጠፈ፤ በአንዳንድ ቦታም ሕፃኑ ከተመደበለት ቀለም ውጭ እንዳይዋስ ተከለከለ። ስለ ዳይኖሰር ለማወቅ የሚጓጓ ልጅ መጽሐፉ «የአንተ ቀለም አይደለም» ከተባለ ቤተ መጻሕፍቱ የመምረጫ ቦታ መሆኑ ቀርቷል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር በ2011 ባወጣው የአቋም መግለጫ ይህንኑ አሠራር ተቃውሟል።

ስለ ሽልማቱ ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነበር። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በባለቀለም እስክሪፕቶ መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ከሣለ የምስክር ወረቀት እንደሚሸለም አስቀድሞ ተነገረው፤ ሁለተኛው ሳይጠብቅ ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ እስክሪፕቶዎቹ ያለ ሽልማት በክፍሉ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ሽልማት ተስፋ ተደርጎለት የሣለው ቡድን ለመሣል ያዋለው ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ስቲቨን ክራሽን የተባሉት የቋንቋ ሊቅ በ2003 የነጥቡን ዘዴ ሲመረምሩም፣ ትምህርት ቤቶቹ ዘዴውን ሲያስገቡ ብዙ መጻሕፍት እንደሚገዙና የንባብ ሰዓት እንደሚጨምሩ አመለከቱ፤ እንግዲህ ለውጥ ቢታይ ከመጻሕፍቱና ከሰዓቱ ነው ወይስ ከጥያቄውና ከነጥቡ? ጥናቶቹ ይህን ለይተው አላሳዩም። ለአንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ጥያቄ አላውቅም።

ጉዳዩ ወደ አገራችን ሲመጣ መልኩን ይለውጣል። በ2010 በ6 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። እዚህ ላይ ያለው ችግር ሕፃኑ ከመጽሐፍ ይልቅ ማሽን መውደዱ ሳይሆን፣ በቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ በእጁ አለመግባቱ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ያገለግሉ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተነሡት ከዚሁ እጦት ነው፤ በአማርኛ የሕፃናት መጽሐፍ ፈልገው ባለማግኘታቸው መጽሐፍ ወደ ማሳተም ገቡ፣ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። በ2005 በአዋሳ ያሠማሩት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት በአህያ የሚጎተት ጋሪ ነበር።

በቴሌቪዥን በኩል ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ አሻንጉሊት በአማርኛ ለሕፃናት ትምህርት ስታቀርብ ታይታለች፤ ይህም በራሳችን ሰዎች በራሳችን ቋንቋ የተሠራ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባል። በአንጻሩ በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ሕፃናት የታደሉት ታብሌቶች የያዙት የእንግሊዝኛ ፊደልና ዘፈን ነበር። ያለ መምህር ማንበብ ይማራሉ ተብሎ በውጭ አገር ብዙ ተነገረለት፤ ሕፃኑ በአፉ የሚናገረውን ቋንቋ ግን መሣሪያው አያውቀውም ነበር።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ፊደላችን ራሱ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን አመዳደብ ይከተል ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ይህ ከተስተካከለ ወዲህ በአማርኛ የተጻፈ የሕፃናት ታሪክ ያለ ችግር ከአገር አገር ሊላክ ችሏል። በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክና በ2015 በሕንድ የተከፈተው ስቶሪዊቨር የሚያቀርቧቸው ባለሥዕል ታሪኮች ማንም እንዲተረጉማቸው፣ እንዲያትማቸውና እንዲያሠራጫቸው የተፈቀዱ ናቸው፤ አማርኛም ከቋንቋዎቻቸው አንዱ ነው። አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማተሚያ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ገጾቹን አውጥቶ በክር ሊሰፋቸው፣ ወፍራም ካርቶን ሊያለብሳቸው ይችላል። ያን ጊዜ የጥሪ ቊጥር ተሰጥቷቸው፣ የውሰት ካርድ ተሞልቶላቸው፣ ከሌሎቹ መጻሕፍት ጋር በታችኛው መደርደሪያ ይሰለፋሉ።