ካሜራ ሳማርጥ ያመለጡኝ ሰው

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

አምና ስለ 1966ቱ አብዮት ሳስተምር አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እዚሁ ነገሌ ነው የተጀመረው ካሉን ፎቶው የታለ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። በጥር 1966 እዚህ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች በምግቡና በመጠጥ ውሃው ተማረው አመጹ። ንጉሡ የላኳቸውን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ነገሩ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ በመስከረም 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ የዚያን ቀን ፎቶ ግን አንድም አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በፊትም ያው ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1905 የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም በቤተ መንግሥቱ ሥራውን ቀጠሉ። ወደኛ ስትመጡ ደግሞ፣ በጥር 1928 ራስ ደስታ ዳምጠው በገናሌ ዶሪያ ተዋግተው የግራዚያኒ ጦር ነገሌን ሲይዝ፣ ካሜራ ይዞ የመጣው ወራሪው ነው። የፋሽስቱ መንግሥት የፊልም ድርጅት ሉቼ ለዚያ ጦርነት ብሎ ልዩ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ፎቶ አለው፣ ወራሪውም አለው። የኛ የቆላ ሰው ግን ራሱን በራሱ ካሜራ ያየው በጣም ዘግይቶ ነው።

እናም እቁቤ ሲወጣ ካሜራ ልግዛ አልኩ። ያኔ ብርጌዱ ውስጥ የነበሩ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ሰፈራችን ነበሩ። ስጠይቃቸው «ካሜራህን አምጣ እንጂ ሁሉንም እነግርሃለሁ» አሉኝ።

አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ ሁለት ያገለገሉ አገኘልኝ፤ ካነን 700ዲ እና ኒኮን ዲ5300። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡ ናቸው። ኒኮኑ 24 ሜጋ ፒክስል፣ ካነኑ 18። የኒኮኑ ባትሪ አንዴ ተሞልቶ ወደ 600 ፎቶ ያነሳል፣ የካነኑ ወደ 440። መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በጨለማ ቤት ውስጥም ኒኮኑ ይሻላል። ካነኑ በበኩሉ በጣት የሚነካ ስክሪን አለው፤ ቪዲዮ ላይ ፎከሱ ለጀማሪ ይቀላል። ሁለቱም የማይክ መሰኪያ አላቸው።

እዚህም ላይ ታሪክ ገባ። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረውን የሌንስ መግጠሚያ እስከ ዲ5300ም ድረስ አልለወጠም። ካነን ግን በ1987 የድሮውን ጥሎ አዲስ አመጣ፤ የፎከስ ሞተሩንም እያንዳንዱ ሌንስ ውስጥ ከተተው። ያኔ የድሮ ሌንስ የነበራቸው ደንበኞቹ ተናደዱ። ዛሬ ለኔ ቢጤ ድሃ ገዢ ትርጉሙ ይሄ ነው፦ ከ1987 ወዲህ የተሠራ የካነን ኢኤፍ ሌንስ 700ዲ ላይ ገጥሞ ራሱ ፎከስ ያደርጋል። ዲ5300 ግን ሞተር የለውም፤ የቆየ የኒኮን ሌንስ ብትገጥሙበት ፎከሱን በእጃችሁ ማዞር ነው።

ጎረቤቴ ያለው ፎቶ ቤት ደግሞ ካነን ነው የሚጠቀመው፤ ሌንስም ባትሪም ያውሰኛል። ካሜራውን የሚይዙትም ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ካነኑን ወሰንኩ።

እዚህ ውሳኔ ላይ ለመድረስ ግን ሦስት ወር ፈጀሁ። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ ሳወዳድር፣ ሰው ስጠይቅ፣ ዋጋ ስከራከር። ካሜራው ነገሌ በገባ በሳምንቱ ሃምሳ አለቃን ልቀጥራቸው ብሄድ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። የተቀበሩት በዋዜማው ነው።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ስለ ሜጋ ፒክስል አልነበረም። ኪሴ ውስጥ ድምፅም ቪዲዮም የሚቀዳ ስልክ ነበረኝ። ሦስቱንም ወር ነበረኝ። እሳቸው «ካሜራህን አምጣ» ሲሉኝ ያኔውኑ ስልኬን አውጥቼ «ይኸው» ማለት እችል ነበር።

ልጃቸው ከሳጥን አንድ ፎቶ አወጣችልኝ፤ ወጣት ወታደር፣ ቆብ ያደረገ፣ ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ዓመቱን የሚነግረኝ ሰው የለም። በካነኑ መጀመሪያ ያነሳሁት ያንን ፎቶ ነው።

ስለዚህ ነገሌ፣ ያቤሎ፣ ፊልቱ፣ ሞያሌ ያላችሁ ልጆቼ፦ ካሜራ ለመግዛት ካሰባችሁ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሰፈራችሁ ያለው ሰው ሌንስ የሚያውሳችሁን ግዙ። እስከዚያ ግን አያቶቻችሁን በስልካችሁ ቅዱ። የድሮ ፎቶ ካለ ጀርባው ላይ ስምና ዓመተ ምሕረት በእርሳስ ጻፉበት። ዛሬውኑ።

ቸር ያሰንብተን።