ተቦክቶ የሚመጣ ኮንክሪት
ኮንክሪት ለረጅም ዘመን የሚቦካው እዚያው ግንባታው ቦታ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 የሐምቡርጉ ዩርገን ማገንስ ሌላ ቦታ ተቦክቶ ለሚጓጓዝ ኮንክሪት የፈጠራ መብት አገኘ። ዋናው ችግር ማቡካቱ ሳይሆን መንገዱ ነበር፤ በተራ መኪና ሲጫን ጠጠሩ ይዘቅጣል፣ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲደርስም በአካፋ እንደገና መታሸት አለበት። በ1916 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ይኖር የነበረው አርመናዊ ስቴፈን ስቴፓኒያን እየተጓዘ የሚያቦካ መኪና ንድፍ ቢያቀርብም፣ የፈጠራ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት መኪና ያን ሁሉ ክብደት አይችልም ብሎ መለሰበት። ዛሬ በየመንገዱ የሚሽከረከረው በርሜል ለዚያ ውሳኔ በቂ መልስ ነው። ያልተፈታው የሰዓቱ ጉዳይ ነው፤ ውሃ ሲሚንቶውን ከነካ በኋላ የአሜሪካ ደረጃ ለረጅም ጊዜ የፈቀደው 90 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሲዘገይ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ጥንካሬውን ይቀንሳል።