ለፎቶ ኤዲቲንግ የሚሆን ላፕቶፕ ሲገዛ ምን መታየት አለበት?

አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ምስሎቹን በላፕቶፑ አስተካክሎ ወደ ማተሚያ ቤት ይልካል። በስክሪኑ ላይ ያማረው የሙሽራዋ ፊት ግን በአልበሙ ላይ ቀልቶ ወይም ጨልሞ ሊወጣ ይችላል። ጥፋቱ የአታሚው ቢመስልም፣ ብዙ ጊዜ ምንጩ ቀለምን በትክክል የማያሳይ ስክሪን ነው።

ላፕቶፕ ገዢዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ራሙ እና ስለ ማከማቻው ነው። ራም እና ማከማቻ በበርካታ ላፕቶፖች ላይ ቆይቶ ሊጨመር ይችላል። ስክሪን መቀየር ግን ውድና አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ለፎቶ ሥራ ምርጫው ከዚያ ቢጀምር ይመረጣል።

የቀለም ስፋት

አንድ ስክሪን ምን ያህል ቀለሞችን እንደሚያሳይ ከሚገለጽባቸው መለኪያዎች ዋነኛው ኤስአርጂቢ ነው። ኤችፒ እና ማይክሮሶፍት እ.አ.አ በ1996 ያቀረቡት ይህ መለኪያ ዛሬም በኢንተርኔት ለሚታዩ ምስሎች መሠረት ነው። ለፎቶ የሚሆን ስክሪን ከዚህ ውስጥ 100 በመቶውን ወይም ለዚያ የቀረበውን ሊሸፍን ይገባል።

በርካሽ ላፕቶፖች መግለጫ ላይ "45 በመቶ ኤንቲኤስሲ" የሚል ጽሑፍ ከተገኘ፣ ስክሪኑ ቀለም ያደበዝዛል ማለት ነው። "72 በመቶ ኤንቲኤስሲ" የሚለው ግን ከሙሉው ኤስአርጂቢ ጋር የተቀራረበ ነው።

የስክሪኑ ዓይነት

ቲኤን የተሰኘው ስክሪን ራስ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቀለሙ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ለፎቶ አይመከርም። አይፒኤስ ከየአቅጣጫው ሲታይ ቀለሙን ይጠብቃል። ኦሌድ ጥቁርን በጥልቀት ያሳያል፤ ሆኖም አንድ ዓይነት ምስል ለረጅም ጊዜ ከቆየበት አሻራ ሊቀርበት ይችላል፤ አንዳንዱም ቀለምን ከልክ በላይ ያደምቃል።

የሞዴል ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አንድ ዓይነት ስም ያለው ላፕቶፕ የተለያየ ጥራት ባላቸው ስክሪኖች ተገጣጥሞ ሊሸጥ ይችላል። በተለይ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው የዚያኑ ላፕቶፕ ስክሪን ማየት ይኖርበታል።

ከመክፈል በፊት

በደንብ የታተመ ፎቶን ከነፋይሉ ይዞ ሄዶ በስክሪኑ ላይ ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። የቆዳ ቀለም ልዩነቱን ቶሎ ያጋልጣል። ሙሉ ነጭ ገጽ ሲከፈት ነጠብጣቦችና ቢጫ ጥላዎች፣ ሙሉ ጥቁር ገጽ ሲከፈት ደግሞ ከጠርዝ የሚያፈተልክ ብርሃን ይታያል። የብርሃን መጠኑ 300 ኒት እና ከዚያ በላይ ቢሆን ደማቅ ክፍል ውስጥም ለመሥራት ያስችላል።

ከግዢ በኋላ

ጥሩ ስክሪንም ቢሆን ልኬት ይፈልጋል። ቀለም መለኪያ የተባለው አነስተኛ መሣሪያ ስክሪኑ ላይ ተደርጎ ቀለሙን ያስተካክላል፤ ባለሙያዎች አንዱን በጋራ ገዝተው በየተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ስክሪንን ማታ ቢጫማ የሚያደርገው አገልግሎት በሥራ ሰዓት መጥፋት አለበት።

ብርሃኑንም መጠነኛ ማድረግ ያስፈልጋል። ስክሪኑን እስከ ጫፍ አድምቆ የሚሠራ ሰው ፎቶው የበራ ስለሚመስለው ሳያውቀው ያጨልመዋል፤ ስህተቱ የሚገለጠውም አልበሙ ታትሞ ደንበኛው እጅ ሲገባ ነው።